አባባ ታፈረ የቀኑበት ጋን

በእኛ ከተማ ሰው በሰው ሲቀና የሚባል አንድ አባባል አለ። ሁሉም ይለዋል፤ ከየት እንደመጣ ግን በደንብ የምናውቀው እኛ ቤት ነን፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የአያቴ የአባባ ታፈረ ነው። ቅናታቸው በደም እንዳይተላለፍ እየጸለይኩ ልንገራችሁ።

አባባ ታፈረ በዚያን ጊዜ ስለ ሃይማኖት ተከራክሮ የሚረታቸው አልነበረም። በሚስታቸው በእማማ ዘርፌ ጠጅ ቤት ሰው ሁሉ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ፣ እሳቸው ብቻ መደገፊያ ያለው ወንበር ነበራቸው። ታዲያ አንድ ቀን መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎች ወጥ ሠሪ፣ ሚስተር ዋን፣ መጣና መደገፊያ የሌላት ዱካ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

"እናንተ ምን ታመልካላችሁ?" ብለው ከጠጪዎቹ አንዱ፣ የደብራችን መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ ጠየቁት።

"የእኔ ዳኦ ይባላል። መንገድ ማለት ነው።"

"ቀን መንገድ ትሠራላችሁ፣ ማታ መንገድ ታመልካላችሁ!" አሉ አባባ። ሰው ሳቀ። ሚስተር ዋንም አብሮ ሳቀ፤ አባባን ያበገናቸው ይሄ ነው።

"የሚያዝ፣ የሚፈርድ አምላክ የለውም?" አሉ መሪጌታ።

"እንደ እናንተ አይደለም። እናንተን እግዚአብሔር ያዛችኋል፣ ትታዘዛላችሁ። መንገዱ አያዝም፤ እንደ ውሃ ይሄዳል፣ አብረኸው ትሄዳለህ። ወንድሜ ኮንፊሽየስን ይከተላል፤ ታላቅህን አክብር፣ ሥርዓት ያዝ ይላል። ሚስቴ የቡድሃ ናት፤ ምኞትሽን ቁረጪ ይላታል። እኔ ደግሞ ነገሩን አታጣድፈው እላለሁ።"

"ቤት ውስጥ አትጣሉም ታዲያ?" አሉ መሪጌታ።

"ሾርባው አንድ ነው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው አግዳሚውን ወደ ዱካው ያስጠጋ ጀመር። ለአባባ የተረፋቸው የሰው ጀርባ ብቻ ሆነ። ካልጠየቁት ዝም በሚል ሰው መቅናት እንዴት ያቃጥላል መሰላችሁ! ቢከራከር ይረቱት ነበር።

እናቴ ልትዳር ስትል እማማ ዘርፌ ከአንድ ማር ሁለት ጋን ጠጅ ጣሉ። ጌሾው እንደወጣ አባባ ወደ ሚስተር ዋን እያመለከቱ ብድግ አሉ።

"አንዱን እኔ በእውቀቴ ላድርሰው፣ አንዱን እሱ በመንገዱ! ሠርጉ ላይ የእሱ ከበለጠ ወንበሬን ለቀቅኩ!"

"በልጄ ሠርግ ነው የምትወራረደው?" አሉ እማማ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ የሃይማኖት ነገር ነው!"

"ጠጅ ነው!"

ሚስተር ዋን እሺ አለ። የጋኑን አፍ በጨርቅ አሰረና ተወው። አባባ ግን የራሳቸውን በየቀኑ ይከፍታሉ። ቀመስ አድርገው ማር ይጨምራሉ፤ ጣፈጠ ብለው ጌሾ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ያማስላሉ። እያማሰሉም ዓይናቸው ከዚያኛው ጋን አይነቀልም። "ነካ እንኳን አያደርገውም! አንድ ነገር ቢጨምርበት ነው እንጂ!"

እሑድ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ እያለ አባባ የሚስተር ዋንን ጋን ፈቱና እስከ ታች በረበሩት። ምንም የለም። በንዴት አማሰሉት። እማማ ሲመለሱ የባላቸው እጅጌ ጠጅ ያንጠባጥባል።

"ታፈረ! ቅዳሴ ቀርተህ?"

"ላየው ብዬ ነው።"

"በክንድህ ነው የምታየው?"

እማማ እያለቀሱ ሚስተር ዋንን ጎትተው አመጡት። ጠጁ ጭቃ መስሏል። "በልጄ ሠርግ መሳቂያ ልሆን ነው፤ በናትህ አንድ ነገር ጨምርበት!"

እሱ አየት አደረገና ጨርቁን መልሶ አሰረው። "ተይው።"

"ሰውየውንስ?"

"እሱንም ተይው።"

ሠርጉ ደረሰ። መጀመሪያ የአባባ ጋን ተቀዳ። ሙሽራው ቀመሰና ፊቱን አኮማተረ፤ ኮምጣጤ! እማማ ቶሎ ብለው ከሌላኛው አስቀዱ። ጠጁ ጠርቶ ከብርሌው ማዶ ጣት ይቆጠራል። አባባ ከየትኛው እንደተቀዳ ሳያዩ ጨልጠው ተነሡ።

"አያችሁ? ይሄ ነው የእኔ እጅ!"

"እጅህማ ገብቶበት ነበር" አሉ እማማ።

ሳቁ ድንኳኑን አነቃነቀው። አባባ ፊታቸው ቀልቶ ወንበራቸውን ለሚስተር ዋን ገፉለት። "ዱካው ይመቸኛል" አለ እሱ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ። ወንበሩ ባዶውን ቀረ። አባባ የሚሄዱበት ጠፍቷቸው ቆዩና መጨረሻ ላይ ሚስተር ዋን እግር ሥር፣ ሣር ጉዝጓዙ ላይ ቁጭ አሉ።

መሪጌታ ልሳነወርቅ ብርሌያቸውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። "የእኛም መነኮሳት አርምሞ አላቸው፤ እነሱ ዝም የሚሉት እግዚአብሔርን ለመስማት ነው፣ ይሄ ሰው ዝም የሚለው ነገሩ ወደ ራሱ እስኪመለስ ነው፤ ሃይማኖቱ ለየቅል ነው፣ ጠጁ ግን ለሁላችንም መሰከረ" አሉና፣ አባባን ቁልቁል እያዩ እንዲህ ጨመሩ፦ "ቅናት ያደፈርሳል፣ ዝምታ ያጠልላል።"