ሦስት ጊዜ የተቋጠረው አንቀልባ

ተረት ተረት!
የእናት ጉልበት!

በድሮ ዘመን ነው። ከወንዝ ማዶ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ሁለት ልጆች ወለደችና ሁለቱም ሞቱባት። ሦስተኛውን ወለደችና ስሙን ቆየልኝ አለችው። ከዚያም በአንቀልባ አዘለችው። አዘለችውና አላወርድም አለች። ስትፈጭ አዝላው ነው። ውሃ ስትቀዳ አዝላው ነው። ስትተኛም እንዳዘለችው በጎኗ ነው። የአንቀልባውን ጠፍር ደረቷ ላይ ሦስት ጊዜ ትቋጥርና ወደ ሰማይ ቀና ብላ፦ ሁለቱን ካስቀመጥኩበት ወሰድክብኝ። ይኸን ግን ከጀርባዬ ፈትተህ ውሰድ እስቲ! ትላለች።

ልጁ ሦስት ዓመት ሞላው። መሬት አያውቅም። እግሩ እንደ ሸንበቆ ቀጠነ። ጎረቤቶቿም፦ አንቺ አንጓች፣ ጢም ሲያወጣም ልታዝይው ነው? ይሏታል። አንዷማ፦ ተዋት፣ ሚስቱንም ደርባ ታዝላለች! አለች። ሳቁ። አንጓች አልሳቀችም።

ክረምት ሆነና አንድ ቀን ገበያ ስትሄድ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃት። ሰው የሚያሻግሩት አያ ሙጬ፦ ልጁን ስጭኝ፣ በትከሻዬ ላሻግረው፣ አሏት።
፦ ኧረ ምን ሲደረግ! አለችና ገባች።

መሃል ላይ ድንጋዩ አዳለጣትና በጀርባዋ ወደቀች። ልጁ ከሥር ሆነ።
፦ ፍቺው! ፍቺው እንጂ! እያሉ አያ ሙጬ ዘለው ገቡ።

ልትፈታ ታገለች። ጠፍሩ ውሃ ጠጥቶ ጠብቋል። አንዱም ቋጠሮ አልፈታ አለ። ያን ጊዜ ጮኸች፦ ጌታዬ፣ የቋጠርኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ፍታው!

አያ ሙጬ ደረሱና ጠፍሩን በቢላ በጠሱት። ልጁን በእግሩ አንጠልጥለው አወጡት። ውሃ ተፋና አለቀሰ።

ከዚያም ቤቷ ተመለሰችና ልጁን በራፉ ላይ፣ መሬት አስቀመጠችው።
፦ ብትወስደውም ያንተ፣ ብትተውልኝም ያንተ፣ አለች።

ልጁ መሬቱን በእጁ መታ መታ አደረገ። አፈር ቀመሰ። የበሩን መቃን ያዘና ቆመ። ወደቀና አለቀሰ። አንጓች ልትሮጥ አለችና፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ቆመች። ልጁም እንደገና መቃኑን ያዘ።

አደገ ወይ? አትበሉኝ። እሷም ይኸን ሳታውቅ ነው ያወረደችው።

ተረቴም አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ፤ በሉ እንግዲህ እንጎቻ ቁረሱልኝ።