የእመት አህያ እርምጃ

አንድ ጊዜ በአንድ የበጋ ወር አውሬው ሁሉ በጥም ሊያልቅ ደረሰ። ምንጭ ቢኖርም ከጠባብ ገደል ማዶ ነበርና አያ አንበሳ ሰው የጣለው የአሉሚኒየም ድስት ሁሉ ተለቅሞ ቧንቧ እንዲሠራ አዘዘ።

ጦጣ ድስቱን አቅልጣ በሚሽከረከር፣ ውስጡ ባዶ በሆነ ክብ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ታፈሳለች። ቅርጹ ሲዞር የቀለጠው እየተገፋ ዳር ዳሩን ይለጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ መሐሉ ክፍት ቧንቧ ይሆናል። ከቅርጹ ጋር የተያያዘውን መዘውር ዙሪያውን እየሄደች በመጎተት ቅርጹን የምታዞረው እመት አህያ ነበረች።

የመጀመሪያው ቧንቧ ግን ጉድ ሆኖ ወጣ! እየተንቀረፈፈች ስላዞረችው የቀለጠው ወደ ታች ወርዶ ተከማቸ። አንድ ወገኑ ወፍራም፣ ሌላው ስስ ሆነና ገና ሲያነሱት ተሰበረ።

«ስብርባሪውን እንደገና አቅልጡት!» አለ አንበሳ ተቆጥቶ። «ከሰሉ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረን። አሁንም ካበላሸሽ እመት አህያ፣ ለአያ ጅቦ ትሰጫለሽ።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። ይህን ጊዜ ቀበሮ እመት አህያን ጠጋ አለቻት።

«እህቴን፣ አንጀቴን በላሽው! ያጠፋሽ መንቀርፈፍሽ ነው። አሁን ዓይንሽን ጨፍነሽ ሩጪ፤ በፈጠንሽ ቁጥር ያምራል።»

መንቀርፈፏን ማን ይክዳል? እመት አህያ አመነችና ሮጠች። ጦጣ ገና ጠብ ስታደርግ ቅርጹ ተንቀጠቀጠ፣ ትኩሱ ፍንጣሪም የጦጣን ጭራ ለበለበ። አያ ጅቦ በደስታ ዘለለ።

«በርቺ እመት አህያ! ሩጪ! ቀበሮ፣ ጉበቷ የኔ፣ ኩላሊቷ ያንቺ ተባብለናል አይደል?»

«ዝም በል፣ አንተ ደደብ!» አለች ቀበሮ።

እመት አህያ ክው አለች። «ጦጢት፣ ማፍሰሱን ያዝ አድርጊ!»

ልትቆምም አሰበች፤ ብትቆም ግን ያው የፊተኛው ጥፋት ነው። ውሃ ሙሉ እንስራ ተጭና የምትሄድበት እርምጃ ትዝ አላት፤ ብትዘገይ አይደረስ፣ ብትሮጥ ይፈሳል። ያንኑ እርምጃ ያዘች። ቅርጹም መንቀጥቀጡን ትቶ አንድ ወጥ ድምፅ አወጣ።

«አሁን አፍስሺ!»

ቧንቧው ዙሪያው እኩል፣ ስንጥቅ የሌለው ሆኖ ወጣ። ገደሉ ላይ ሲያጋድሙት ውሃው እየተንፎለፎለ መጣ። እመት አህያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አያ ጅቦ ሁሉንም ገፈታትሮ አፉን ቢደቅን ትን ብሎት ዓይኑ ፈጠጠ። እመት አህያ በሰኮናዋ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

«ቀስ በል አያ ጅቦ፣» አለችው፣ «ውሃው የትም አይሄድብህም።»

ከዚህ የምንማረው ከአንድ ጥፋት ስንሸሽ መቆሚያችንን ካላወቅን፣ ሌላው ጥፋት በተቃራኒው ጫፍ አፉን ከፍቶ እንደሚጠብቀን ነው።