ጠብ የማያውቅ ቢሮ

በአንድ ዩኒቨርሲቲ አንደበተ ስለታም የዶርም ተጠሪ ነበር። ከስድስት አገር የመጡ ስድስት ተማሪዎችን ሆን ብሎ አንድ ክፍል አስገባ። ቆለኛው በረደኝ ብሎ መስኮቱን ሲዘጋ፣ ደገኛው ታፈንኩ ብሎ ሲከፍት ተጣሉ። ተጠሪውም፣ «መስኮት ማስከፈትም ሆነ ማስዘጋት የፈለገ በባላጋራው ቋንቋ ይለምን» ብሎ ደነገገ። በሁለት ወር ውስጥ ስድስቱም በስድስት ቋንቋ መለመን ቻሉ፤ መሳደብም እንዲሁ።

የጠቡ ወሬ ግን የተማሪዎች ዲን ከነበሩት ከዶክተር ይርዳው ጆሮ ደረሰ። ተጠሪውን አስጠርተው በሠራተኞቻቸው ፊት፣ «ከነገ ጀምሮ ሁሉም ከአገሩ ልጅ ጋር ይደር፤ አለዚያ ከተጠሪነትህም ከዶርምህም ትወጣለህ» አሉት። ተጠሪው በከተማው ሌላ ማደሪያ አልነበረውም።

«ጌታዬ፣ ገና መተዋወቃቸው ነበር እኮ።»

«በጠብ ነው የሚተዋወቁት? እነዚህን አሥራ ሁለት ሠራተኞቼን እያቸው! በአራት ዓመት አንድ ቀን ተጣልተው አያውቁም። የእኔዎቹ ያላቸው፣ ያንተዎቹ ያጡት ምን እንደሆነ ንገረኝና ክፍሉን እንዳለ እተውልሃለሁ።»

ተጠሪው አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ አያቸው።

«አንድ አያት ነዋ፣ ጌታዬ፤ እሳቸውም የእርስዎ አያት ናቸው። የእኔዎቹ ግን ዘመድ ስላልሆኑ መተዋወቅ ግድ ሆነባቸው።»