የፊታውራሪ ባዶ ገጽ

ፊታውራሪ ወንድይፍራው ፖከር የሚሉትን የካርታ ቁማር ሲጫወቱ ተሸንፈው አያውቁም፤ የሚደፍራቸው አልነበረምና። አንድ ሲራራ ነጋዴ ግን በስምንት ዓመት ላቡ የገዛትን በቅሎ አስይዞ ተቀመጠ። ካርታው እንደታደለ፣ ነጋዴው የተጫዋቾችን ጠባይ የሚጽፍበትን ደብተር ፊታውራሪ ነጥቀው አነበቡ፦ “ባሻ ዘውገ ካርታው ሲያምር ጺሙን ያሻል። አለቃ ጥሩነህ ሲዋሽ ያስላል።” የእርሳቸው ስም ያለበት ገጽ ግን ባዶ ነበር።

“እኔ የማይደረስብኝ ጥልቅ ሰው ሆንኩብህ?” አሉ ኮራ ብለው።

“የለም ጌታዬ፣ የማይረሳ ነገር ስለማልጽፍ ነው።”

“ምን አልክ? በቅሎህን ትተህልኝ ካልወጣህ አሳስርሃለሁ!”

ነጋዴው ካርታውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

“ጥሩ ካርታ ሲደርስዎ ይስቃሉ፤ የማይረባ ሲደርስዎ ሰው ያሳስራሉ። አገር በቃሉ ለሚያውቀው ነገር ቀለም አላባክንም። አሁን እስቲ ካርታዎን ይግለጡልኝ፤ በቅሎዬ ሳትራብ ቤቴ ልግባ።”