ተኚ የቆጠረው ባለጸጋ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም ነው፣ ቆጠራ ግን አይሆንለትም።

መምህር ደባልቄ እንዲህ ብለው ጀመሩ። ተማሪያቸው ትርሲት በአቶም ሦስተኛ የኃይል እርከን ስንት ኦርቢታል እንዳለ ተጠይቃ «አሥራ ስምንት» ብላ ስለ ተሰረዘባት፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትሁት ልትል ወረቀቷን ይዛ መጥታ ነበር። ተቀመጪ አሏትና ቀጠሉ።

ሰውየው ከኮረብታው ጥግ፣ አንዱን ከአንዱ በላይ፣ ሦስት ቤቶች ሠርቷል። በታችኛው ቤት አንድ መደብ፣ በመካከለኛው አራት፣ በላይኛው ዘጠኝ ነበረ። የአገሩ ሰው በአንድ መደብ ሁለት ሆኖ ያድራል፤ አንዱ በራስጌ፣ ሌላው በግርጌ። ሦስተኛ አይጨመርም።

ልጁን ሊድር ሲል የሙሽራው አባት ሽማግሌ ልኮ፣ አጃቢው የሚያድርበት ላይኛው ቤት ስንት መደብ እንዳለው አስጠየቀ። ሰውየው በፋሲካ ያደሩበትን ዘመዶች አንድ በአንድ አስታወሰና አፉን ሞልቶ «አሥራ ስምንት» አለ። የሙሽራው አባትም ሥርዓት አዋቂ ነውና፣ ለየመደቡ ሁለት ሁለት ብሎ ሠላሳ ስድስት ሰው አስከትሎ ከተፍ አለ።

ተበልቶ ተጠጥቶ የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ጉድ ፈላ። ታችኞቹን ሁለት ቤቶች የሙሽሪት ዘመዶች ይዘዋቸዋል፤ የላይኛውም መደብ ሞልቶ ግማሹ ሰው እንደ ቆመ ቀረ። ባለጸጋውን ላብ አጠመቀው። አንዱን ወፍራም ሚዜ በሁለት ተኚዎች መሐል ሊያጋድም ሞከረ፤ ራስጌው ተይዟል፣ ግርጌው ተይዟል፣ ሚዜው ከሁለቱም ወገን እርግጫ ቀምሶ መሬት ወረደ። ይኼኔ የሙሽራው አባት ከውሸታም ጋር አልጋባም፣ በቅሎዬ ይጫንልኝ አለ። ሙሽሪት ጓዳ ሆና ስታለቅስ ተሰማች፤ አባቷ ሮጦ የበቅሎዋን ልጓም ያዘ።

«ኧረ አልዋሸሁም» አለ፤ «በፋሲካ አሥራ ስምንት ሰው አድሮበታል።»

«ማንም ባያድርበት ኖሮስ፣ ስንት መደብ አለው ልትለኝ ነበር?»

ሰውየው አሰበ፣ አሰበና «ምንም» አለ።

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ወደቁ። የሙሽራው አባትም ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ ይህስ ቆጠራ ጠፍቶበት እንጂ ውሸታም አይደለም ብሎ የበቅሎዋን ኮርቻ አስወረደ። ሰርጉ ተረፈ። ግማሹ ሰው ተኛ፣ ግማሹ ሲጨፍር አነጋ፤ ባለጸጋውም መተኛ አጥቶ እግሩ እስኪዝል አብሮ ጨፈረ።

መምህር ደባልቄ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«መደቡ ኦርቢታሉ ነው፤ ተኚዎቹ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። አንዱ መደብ ከሁለት በላይ አይዝም፣ እነሱም ራስጌና ግርጌ ሆነው ነው። ቢተኙበትም ባይተኙበትም ግን መደብ መደብ ነው። ቁጥሩን ስትፈልጊ የቤቱን ተራ በራሱ አባዢው፤ ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ። አንቺ እንደ ሰውየው ተኚ ቆጥረሽ አመጣሽልኝ። እስቲ አሁን አራተኛ ቤት ቢሠራ ስንት መደብ ይኖረዋል?»

ትርሲት ወረቀቷን አጠፈች።

«አሥራ ስድስት» አለች፤ «የሙሽራው አባት ከጠየቀ ግን፣ ሠላሳ ሁለት ሰው አስከትሎ እንዳይመጣብኝ ሌላ ሰው ይመልስለት።»