ከጅግራ ጋር የተቆራኘው ዝንጀሮ

ቀረብ በሉ ልጆች፤ ትልልቆቹም ስሙ፣ ለእናንተም ይሆናል። ድሮ ድሮ፣ አራዊት እንደኛ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ በነበረበት ዘመን፣ ዛሬ ስሙን የሚያስታውስ በሌለ አገር አንድ ዝንጀሮ ነበር። ኮረብታው ላይ ያሉት ጎጆዎች በሙሉ የእሱ ናቸው። እሱ ራሱ ግን የሚያድረው ደረቅ ዋሻ ውስጥ ነው።

ከጎጆዎቹ አንዱን የተከራየችው እመት ጅግራ ነበረች። ውላቸው በምስክር ፊት የታሰረ ነው። እሷ ከለቀመችው እህል እርቦውን፣ ማለት ከአራት እጅ አንዱን ትሰጣለች፤ እሱ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ክዳኑን ያድሳል። ውሉ የሚታደሰው በየዓመቱ ሰኔ ላይ ነው።

ዝንጀሮ እድሳቱን አልጀመረም አይባልም። አንድ ቀን መጥቶ የጣሪያውን ግማሽ አሮጌ ሣር ገፈፈና ጥሎት ሄደ። ጅግራ ዋሻው ድረስ ሄዳ፣ "አያ ዝንጀሮ፣ ጣሪያው ክፍት ቀረ እኮ" ስትለው ሆዱን እያከከ፣

"ሣሩ ታጭዷል፣ ማገሩ ተቆርጧል፣ የቀረው ነገ ብቻ ነው!" አላት።

ደመናው ሲከብድ እንደገና ሄደች።

"ሣሩ ታጭዷል፣ ማገሩ ተቆርጧል፣ የቀረው ነገ ብቻ ነው!"

ሣሩ እውነትም ታጭዶ ነበር። የተከደነው ግን ዝንጀሮ ለኪራይ በሠራው፣ ገና ማንም ባልገባበት ሌላ ጎጆ ላይ ነው።

ሰኔ ገባ፤ ጅግራም እንቁላሎቿን ታቀፈች። ጅግራ ከታቀፈች አትነሳም። ከተነሳች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ ከቀዘቀዘ ይሞታል። ዝንጀሮ ይህን ያውቃል። ስለሚያውቅም ነው በዚያው ሰሞን በሯ ላይ መጥቶ የቆመው።

"እመት ጅግራ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ! ውል ላድስ ነው የመጣሁት። ከዘንድሮ ጀምሮ እርቦ ቀርቷል፤ እኩል ነው የምንካፈለው።"

"እኩል? በየትኛው ጣሪያ?"

"ኑሮ ተወደደ እኮ እህቴ!"

"ጣሪያውስ?"

"ሣሩ ታጭዷል፣ ማገሩ ተቆርጧል..."

"ግማሹን ለእርስዎ ከሰጠሁ ልጆቼን ምን ላበላ ነው?"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ካልተስማማሽ ውጪ፤ እንቁላሎችሽን አዝለሽ" ብሎ ሳቀ።

ጅግራ ላባዋን ነፋች። "አልከፍልም፤ አልወጣምም። ውሉን ያፈረሱት እርስዎ ነዎት። ዳኛ ይጠራልኝ!"

"ይጠራ! በቁራኛ!" ብሎ ጮኸ ዝንጀሮ።

ቁራኛ የዚያ አገር ደንብ ነው። ሁለት ሲካሰሱ አንዱ እንዳያመልጥ፣ ዳኛ እስኪደርስ እግር ከእግር በአንድ ልጥ ይታሰራሉ። ዝንጀሮ ያሰበው ከጎጆዋ ጎትቶ ሊያወጣትና ቤቱን ባዶ ሊያደርግ ነው።

ጭቃ ሹሙ አጋዘን ልጥ ይዞ መጥቶ አሰራቸው። ዝንጀሮ ወዲያው ወደ ዋሻው መጎተት ሲጀምር አጋዘን በቀንዱ መለሰው።

"ወዴት ነው?"

"ወደ ቤቴ ነዋ!"

"የታቀፈች አራስ ናት። አራስ ከመኝታዋ አትጎተትም፤ ከአራስ ጋር የተቆራኘ እሷ ባለችበት ይቀመጣል። ይህን ሳታውቅ ነው ቁራኛ ያልከው?"

ደንቡንማ ያውቃል። እናትነቷን ግን ኪራይ ማስጨመሪያ እንጂ ሌላ ነገር ይሆናል ብሎ አስቦት አያውቅም።

ዳኛው አባ ዔሊ ነበር። ቤቱን በጀርባው ስለሚሸከም አከራይም ተከራይም አይደለም፤ ለእንዲህ ያለ ሙግት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። የሚኖረው ግን ከወንዝ ማዶ ነው፤ እርምጃውን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ዝናቡ ቀደመው። በረዶ ቀላቅሎ በተገፈፈው በኩል ይወርድ ጀመር። ዝንጀሮ ወደ ደረቁ ጥግ ዘለለ፤ ልጡ መለሰው።

"እመት ጅግራ፣ ፈቀቅ በይ እንጂ!"

"ሣሩ ታጭዷል" አለችው።

"ኧረ ብርዱ ገደለኝ!"

"ማገሩ ተቆርጧል።"

"በእናትሽ!"

"የቀረው ነገ ብቻ ነው፣ አያ ዝንጀሮ።"

እየቀለደች አልነበረም። ሁለት ክንፏን ዘርግታ እንቁላሎቹን ሸፍናለች። ጎርፉ ወለሉን ሲያጥለቀልቀው ግን አንዱ ከክንፏ ሥር ተንሸራቶ ወጣ። እሱን ላምጣ ብትል የቀሩት ሊረጥቡ ነው። ውሃው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ተቀምጣ አየችው።

አባ ዔሊ በስንት ጊዜው ደረሰ። ጎረቤቱም ተሰበሰበ።

"ይህ ቤት ያፈሳል ወይ?" አለ ዳኛው።

"ኧረ በጭራሽ ጌታዬ! እንደ ዋሻዬ ደረቅ ነው" አለ ዝንጀሮ። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ጭራው ይንጠባጠባል።

"ታዲያ አንተን ማን አረጠበህ?"

"ላብ ነው! ሙቀቱ!"

ጎረቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ጅግራ አልሳቀችም።

"እንግዲህ ስማ" አለ ዔሊ። "ይህ ጣሪያ ሳይከደን ጭማሪ የሚባል ነገር የለም። ኪራዩ እርቦ እንደሆነ ይቀጥላል። ጫጩቶቹ ክንፍ እስኪያወጡ ማንም አያስወጣትም። ሣሩ ከአዲሱ ጎጆህ ተገፍፎ ይምጣ፤ ልጡ ጣሪያው ድረስ ይቀጠልልህ፣ የሚፈታው ግን ክዳኑ ሲያልቅ ነው። ለሞተው እንቁላልም ካሳ ይቆረጥ።"

"ካሳ አልፈልግም" አለች ጅግራ። ወደ ዝንጀሮ ዞረች፤ እስከዚያ ቀን አንተ ብላው አታውቅም። "ዝናብ ገደለው እንዳትል ብቻ። ዝናብ በየዓመቱ ይመጣል። የገደልከው አንተ ነህ። በዚህ ሁሉ ፊት በልልኝ።"

ዝንጀሮ መሬት መሬት አየ።

"እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም" አለ አባ ዔሊ፣ አንገቱን አስገብቶ።

ዝናቡ እንደገና ያካፋ ጀመር። "እኔ ነኝ" አለ ዝንጀሮ በመጨረሻ።

ይህን ሲሰሙ ፍልፈል፣ ጥንቸል፣ ጃርት፣ የኮረብታው ተከራይ ሁሉ ልጥ ልጡን ይዞ በር ላይ ተሰለፈ። "የእኔም ቤት ያፈሳል፤ ከእኔም ጋር ይቆራኝልኝ!" ያን ክረምት ዝንጀሮ ከጎጆ ጎጆ እየተቆራኘ፣ ሣር እያጨደ፣ ማገር እየቆረጠ ከረመ። ከጃርት ጋር የታሰረበትን ሰሞንማ ባታነሱበት ይሻላል።

እኔ የነገሩኝን ነገርኳችሁ። ቤት ስትከራዩም ስታከራዩም ይህን አትርሱ፤ ባልከረሙበት ጎጆ ኪራይ አይቆርጡም።