ቃሬዛውን ያነደደ መንደር

አንድ ባለጸጋ ነበረ። «ጤና ጣቢያችን ክፍት ሆኖ ሳለ እናቶች ለምን ቤታቸው ይሞታሉ?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና፣ ሲስተር፣ የእሱን ነገር ልንገርሽ።

በሰውየው መንደር ሕመም የጠናበት ሲኖር ጥሩምባ ይነፋል። ተራ የደረሳቸው ስምንት ወንዶች ወጥተው ሕመምተኛውን በቃሬዛ ከተማ ያደርሱታል። መንገዱ ሁለት ቀን ነው። ባለጸጋው በዚህ አዘነና ሦስት ሰዓት በሚያስኬደው ገበያ ዳር ጤና ጣቢያ አሠራ።

በምርቃቱ ዕለት «ከእንግዲህ ሰው መሸከም ቀረላችሁ!» አለ። እልል ተባለ። ለድግሱ የታረደው በሬ ሲጠበስ እንጨት አነሰና ቃሬዛውን ፈልጠው ማገዱት። የተሸካሚዎቹም ተራ በዚያው ፈረሰ። ጥሩምባው ለቀብር ብቻ ሆነ።

በነሐሴ የባለጸጋው ልጅ ምጥ ያዛት። ከጠዋት እስከ ቀትር አማጠች፤ ሕፃኑ አልወርድ አለ። አባትየው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይቀመጣል፣ መልሶ ይነሣል። በመጨረሻ ጥሩምባውን ራሱ ነፋው።

ሰው መጣ፤ ግን ቀስ ብሎ። ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ደጁ እንደደረሱ ለቅሶ ጀመሩ።

ልጅቱ ከውስጥ ሰማች። «አባዬ፣ ሞቻለሁ እንዴ?» አለች።

«አልሞተችም! ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸባቸው።

«ታዲያ ምን አስነፋህ?» አሉት አንድ ሽማግሌ። «መሸከም ቀረላችሁ ያልከን አንተው አይደለህም?»

ባለጸጋው ተመልሶ ወደ ውስጥ ገባ። ልጁ የተኛችበትን አልጋ ወደ ደጅ ጎተተና ትከሻውን ከሥሩ አስገባ። በዕድሜው ሰው ተሸክሞ አያውቅም። ሲንገዳገድ ያዩት ወንዶች አካፋቸውን ጥለው ገቡ። በጭቃው ውስጥ ማን ማንን እንደሚቀይር የሚያውቅ አልነበረም፤ እየተጋጩ፣ እየተሰዳደቡ ወረዱ። የሦስት ሰዓቱ መንገድ ስድስት ሰዓት ፈጀ።

እናትየዋ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

ልጄ፣ ሕንፃው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ እናቲቱን ያዳናት እሱ ነው። ሕፃኑ ግን የሞተው መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱን ደግሞ የእኔ ነው ያለ ሰው አልነበረም። አንቺም እንደ ባለጸጋው ነሽ። ጋዋንሽን ለብሰሽ፣ መድኃኒቱን ደርድረሽ ትጠብቂያለሽ፤ እናቶቹን ማን እንደሚያመጣቸው ግን አልጠየቅሽም።

እስቲ ንገሪኝ፤ ከወንዙ ማዶ ወሯ የገባ ስንት ሴት አለች?